ሐምሌን የማትፈራው ቢጫ

ዛሬ ሐምሌ 19፣ የቂርቆስ ንግሥ ነው። ሰፈራችን ከተነሣ ወዲህ በየአቅጣጫው የተበተንነው ሰዎች የምንገናኘው በዚህ ቀን ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ተሳስሞ ከተለያየን በኋላ እግሬ ዝም ብሎ ወደ ድሮ ሰፈራችን፣ ወደ ካዛንቺስ ወሰደኝ።

ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ሰማዩ አመድ መስሏል። እዚያ ያለችው ባለ ቢጫ አበባ ዛፍ፣ ቴኮማዋ፣ ግን ከአናቷ እስከ ታችኛው ቅርንጫፏ ቦግ ብላ ቆማለች። ከሥሯ ያለው እርጥብ መሬት ቄጠማ እንደተጎዘጎዘበት ቤት በረገፈ አበባ ተሸፍኗል።

እኛ ቢጫን የምንጠብቀው ለመስከረም ነው። አደይ እስክትፈነዳ ክረምቱን በጭቃና በጃንጥላ እንገፋዋለን። ቴኮማ ብርድ ካልጠናባት ዓመቱን ሙሉ ማበብ ትችላለች፤ ለኔ ግን እንደ ሐምሌ የምታምርበት ወር የለም።

አንዱን አበባ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጥሩንባ ነው። ጉሮሮው ውስጥ ንብን መንገድ የሚመሩ ቀጫጭን ቀያይ መስመሮች አሉት። ከመሃሉ የምትወጣውን ባለ ሁለት ከንፈር ጫፍ በሣር ነካ ብታደርጓት ቀስ ብላ ትገጠማለች፤ ንብ የአበባ ብናኝ ይዛ የመጣችላት ይመስላታል። ልጅ ሆኜ ይህን ሳደርግ ነበር የምውለው።

የቴኮማ አገሯ ሩቅ ነው፣ የአሜሪካ ምድር፣ ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና። ባሃማስ ብሔራዊ አበባዋ አድርጋታለች። መንገዱን ሐምራዊ የሚያደርገው ጃካራንዳ ዘመዷ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን ወራሪ ተብላ ተመዝግባለች። ይህን ሳነብ ከፍቶኛል፣ ግን እውነት ነው፤ ፎሶሊያ የመሰለው ፍሬዋ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ክንፍ ያለው ስስ ዘር ለነፋስ ይሰጣል። ስለዚህ ጫካና ወንዝ ዳር አትትከሏት እላለሁ። ግቢ ውስጥ፣ ዓይን የሚያርፍባት ቦታ ግን ትኑር።

ይህችኛዋ ያለችበት ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ካዛ ኢንቺስ ከሚባሉ ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ አጥሩም፣ በሩም፣ ቁጥሩም አብሮ ሄደ። ግቢያችን የት ላይ እንደነበር ዛሬ የማውቀው በዚህች ዛፍ ነው። በራችን ላይ ነበረች። ከሷ አሥር እርምጃ ገባ ሲባል የጋራው ቧንቧ፣ ከቧንቧው አለፍ ሲል የእናቴ ማድ ቤት። ዛሬ እርምጃውን ቆጠርኩት። አሥረኛው ላይ የተቆረጠ ሣር ብቻ ነበር፤ እዚያው ቆሜ ቆየሁ።

ዛፏ ሥር በቆሎ የሚጠብሱ እናት ነበሩ።

«እማማ፣ አበባው ከሰሉ ላይ እየረገፈ አስቸገረዎት?» አልኳቸው።

«ጠርጌ ጠርጌ አልዘልቀው አልኩና ተውኩት፣ የኔ ልጅ። ደግሞስ ደስ አይልም?»

ደስ ይላል። በቆሎዬን ተቀብዬ ስሄድ ልጣጩ ላይ አንድ አበባ ተለጥፎ ነበር።