የሁለት ሚሊ ሜትር ግማሽ፦ በቡታጅራ ጓሮ የተተከለ መብሻ ማሽን

በቡታጅራ ከተማ፣ በአንድ መኖሪያ ግቢ ጓሮ፣ ቀድሞ የእህል ማስቀመጫ በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ወጣት አናጺ ለመስቀል የሚደርሱ ስድስት ወንበሮች ይሠራ ነበር። በጉራጌ አገር መስቀል ሲቃረብ ቤተ ዘመድ ከአዲስ አበባና ከየከተማው ስለሚሰበሰብ፣ እንዲህ ያለው የሥራ ቀጠሮ የሚገፋ አይደለም። እያንዳንዱ ወንበር አሥራ ስድስት ቀዳዳ ስለሚፈልግ በድምሩ 96 ቀዳዳ መውጣት ነበረበት። አባቱ ይህን ሁሉ በመሮና በመዶሻ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ልጁ ግን ገንዘብ አጠራቅሞ አነስተኛ መብሻ ማሽን ገዝቷል።

የማሽኑ አሠራር ቀላል ነው። ውስጡ ክፍት በሆነ ባለአራት ማዕዘን መሮ ውስጥ ፑንታ ይሽከረከራል፤ ፑንታው ክቡን ሲበሳ መሮው ማዕዘኖቹን ይቆርጣል። ጣጣው ያለው አተካከሉ ላይ ነው። የፑንታው ጫፍ ከመሮው አፍ ቢያንስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ካልታሰረ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ መሮው ግሎ ይጠቁራል፣ ስለቱም ይሞታል። ለዚህስ ልጁ መላ አላጣም። በመሮው ትከሻና በማሽኑ ራስ መካከል ሳንቲም አስገባ፤ ፑንታውን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ገፍቶ አሰረ፤ ከዚያ ሳንቲሙን አውጥቶ መሮውን ወደ ላይ መለሰ። እንጨቱ የሚደገፍበትን ብረትና የመሮውን ጎንም በስኳድራ አስተካከለ፤ መሮው ጥቂት ከዞረ የቀዳዳው ግድግዳ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናልና።

ያስቸገረው መሃሉን ማግኘት ነበር። የወንበሩ እግር ውፍረት 40 ሚሊ ሜትር፣ መሮው 10 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በግራና በቀኝ 15፣ 15 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት። በቁራጭ ዋንዛ ላይ በስሱ በሳ፤ ቁራጩን አዙሮ ሌላውን ፊት ወደ መደገፊያው አስጠግቶ እዚያው ላይ ደገመ። ሁለቱ ምልክቶች በ2 ሚሊ ሜትር ተላለፉ። መደገፊያውን 2 ሚሊ ሜትር ገፍቶ ሞከረ። አሁንም 2 ሚሊ ሜትር ተላለፉ፣ ያውም በተቃራኒው ጎን። ማሽኑ የተበላሸ መሰለው።

አባትየው መልስ ሳይሰጡ አሮጌ ስኳድራቸውን አነሡ። በሳንቃ ጠርዝ ላይ አስደግፈው መስመር አሰመሩ፤ ገልብጠውም ከዚያው ነጥብ ሁለተኛ መስመር አሰመሩ። መስመሮቹ ከጠርዙ በራቁ ቁጥር እየተለያዩ ሄዱ።

«ስትገለብጠው ጥፋቱ እጥፍ ሆኖ ነው የሚታይህ፣ ልጄ። ግማሹን ብቻ መልስ» አሉት።

ልጁ መደገፊያውን 1 ሚሊ ሜትር መለሰ፤ ምልክቶቹም ተደራረቡ።

የምድር ቅየሳ ተማሪ ቴዎዶላይትን በሁለቱም ፊት እያነበበ አማካዩን የሚወስደው በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ፣ የቅየሳው ዘዴ በመማሪያ መጽሐፍ ሰፍሮ ሲገኝ የአናጺው በእጅና በዓይን ብቻ መተላለፉ ነው። ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው ጥናት፣ የእንጨት ሥራው «ፉጋ» እየተባሉ ከማኅበረሰቡ በተገለሉ ባለሙያዎች እጅ እንደነበረ ጽፏል። ቤቱን ለሚያቆምለት እጅ ክብር የነፈገ ማኅበረሰብ፣ የዚያን እጅ ዕውቀት ለመመዝገብ አለመቸኮሉ አያስገርምም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። የእያንዳንዱ እግር አንድ ፊት በእርሳስ ተመርጦ ሁልጊዜ ወደ መደገፊያው እንዲዞር ተደረገ፤ የቀረች ጥቂት ስሕተት ብትኖር እንኳ በሁሉም ላይ ወደ አንድ ጎን ትሆናለች። ልጁ የቀዳዳውን ሁለት ጫፎች አስቀድሞ፣ መሃሉን አስከትሎ ይበሳ ነበር፤ አንዱን ከሌላው አስጠግተው በተርታ ሲበሱ መሮው ወደ ባዶው ጎን ያጋድላል።

ያቺ አሮጌ ስኳድራ ዛሬም ከግድግዳው ሚስማር አልወረደችም። ጠማማ መሆኗን አባትየው ያውቃሉ፤ በምን ያህል እንደምትጠምም ስለሚያውቁ ግን አዲስ አልገዙም።