ምሳ በመነጽር

ጥቅምት 5፣ 2017፣ ሽሮ ሜዳ
ብርድ። የእንጦጦ ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። መነጽሩ ከዱባይ ደረሰ፤ ሜታ ኩዌስት 3። ካሜራው ክፍሉን እንዳለ ያሳያል፣ ለደንበኛ የምንሠራው የምኒልክ ግብር አዳራሽ ምስል ላዩ ላይ ይነጠፋል። አንዱ ምሰሶ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ በቅሏል። ከጓደኛዬ ጋር ሳቅን።

ጥቅምት 6
ረቡዕ ስለሆነ ሽሮ። የሸክላው እንፋሎት ሌንሱን ሸፈነው። እጄ ይታየኛል፣ ግን ጠርዙ ይንቀጠቀጣል፤ እንጀራው የተቆረሰ ሳይመስለኝ ተቆርሷል። ቀኝ እጅ ወጥ ነክቷል፣ መነጽሩ ሲንሸራተት በግራ ብቻ ነው የሚገፋው። ሹካ ለሚይዝ ሰው የተሠራ ዕቃ።

ጥቅምት 9
ስለ ምኒልክ ግብር ሳነብ አመሸሁ። ጃንሆይ በመጋረጃ ተከልለው ይበላሉ፣ ከዚያ መጋረጃው ይገለጣል፣ ሰው በማዕረጉ ተራ በተራ ይገባል። ብርንዶ፣ ጠጅ። መጋረጃው ይበቃናል መሰለኝ። ድምፅ ይቅደም ወይስ ብርሃን?
ግንቦት 2011 እዚያው አዳራሽ «ገበታ ለሸገር» ተበላ፤ ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር። ያለ መነጽር።

ጥቅምት 10
እትዬ ቡና ይዘው ወጡ። ጽጌን ይጾማሉ፤ ምስር ነበር። አዳራሹን አይተው «ውይ፣ ይሄ ሁሉ ሰው!» አሉ። ከዚያ አውልቀው ለኔ ሰጡኝና ሊያጎርሱኝ ተነሡ። ጉርሻው ፕላስቲኩን መታው። ምስር ጉንጬ ላይ።
«አውልቀው እንጂ ልጄ፣ ይቀዘቅዛል።»
አወለቅሁ። ጓደኛዬ መላ አያጣም፤ አፕል የሰውየውን ዓይን ከውጭ የሚያሳይ መነጽር አውጥቷል አለ። 3,499 ዶላር። ለጉርሻ!

ጥቅምት 13
ደመና። ፕሮጀክተር ተውሰን መጣን። ሁለት ቤልጂጎች ሰሃን ላይ ትንሽዬ የወጥ ሠሪ ምስል የሚያስሮጡት በዚሁ ነው። ሻንጋይ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው አልትራቫዮሌት ምግብ ቤት፦ አንድ ጠረጴዛ፣ 10 ወንበር፣ ግድግዳው በሙሉ ምስል።
የጥቁር ጤፍ እንጀራ ብርሃኑን ይውጠዋል። ነጩ ይሻላል፣ ወጥ እስኪፈስበት ድረስ። ግድግዳው ላይ ግን መጋረጃው ሲገለጥ እኔም ራሴ ቀና አልኩ።
መብራት ሄደ። የአዳራሹ ጫጫታ ከስልኩ ቀጠለ። ለሙከራ ከተጠሩት ማንም መብላቱን አላቆመም። ይህ ደግ ምልክት ይሁን አይሁን አልገባኝም። ርቧቸውም ሊሆን ይችላል።

ጥቅምት 15
ደንበኛው ደወለ። «መነጽሩስ?» ብቻ። ቱሪስቱ ፎቶ የሚነሳው በሱ ነው ይላል፤ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ጓደኛዬ ሁለቱንም እናሳየው ባይ ነው። እኔ ግድግዳውን ብቻ። ሰኞ ይመጣል። የቤት ኪራዩም ሰኞ ነው።