የተወደደ ትርኢት ወደ ትልቅ ጣቢያ ቢዛወር ይሻላልን?

መልካም ሥራ በሕዝብ ዘንድ ሲወደድ ወደ ሰፊው አዳራሽ መጠራቱ አይቀርም። ነገር ግን ጥሪው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለብዙ ሰው ለመድረስ፥ ሁለተኛው ብዙ ገንዘብ ለማግኘት።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የእንግሊዞች የቴሌቪዥን የጋገራ ውድድር ነው። ትርኢቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. በቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ ተጀመረ፤ ተመልካቹ ስለ በዛ በ2014 ወደ አንደኛው ጣቢያ ተዛወረ። ዳኞቹም አስተዋዋቂዎቹም ድንኳኑም አልተለወጡምና፥ በ2016 የመጨረሻውን ውድድር ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው። በዚያው ዓመት ግን አዘጋጁ ኩባንያና ቢቢሲ በዋጋ ሳይስማሙ ቀሩ፤ ትርኢቱም በ2017 ማስታወቂያ ወደሚያሳየው ቻናል ፎር ሄደ። ከአራቱ ታዋቂዎች ሜሪ ቤሪ፥ ሜል ጊድሮይችና ሱ ፐርኪንስ ቀሩ፤ የተከተለው ፖል ሆሊውድ ብቻ ነበር። ትርኢቱ አልሞተም፤ ተመልካቹ ግን ቀነሰ።

እናቶቻችን ሕምባሻ ሲጋግሩ እያየን ያደግን ሰዎች ይህን እናውቃለን፤ ምጣዱ ቢሰፋ እሳቱ እስከ ዳር ከደረሰ ዳቦው ይበስላል፥ ጋጋሪዋ ከተለየች ግን የምጣዱ ስፋት አይረዳም።

እኛም ወደ ከፍተኛ መሥሪያ ቤት እንድንዛወር በተጠየቅን ጊዜ፥ የሥራ ባልደረቦቻችን አብረውን እንደማይመጡ ስለ ተረዳን ቀረን። የደመወዙ ጭማሪ ለልጆቻችን ትምህርት ይበቃ ነበርና ውሳኔው ቀላል አልነበረም።

ስለዚህ ትርኢቱም ሠራተኛውም ይዛወር እንላለን፤ ነገር ግን ያስወደዱትን ሰዎች ይዞ ይዛወር።