የተቈለፈ ፊደል

ፊደል ቈጥረን ያደግን ሰዎች በጽሑፍ ላይ ያለን እምነት ጽኑ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እያልን አድገናል። ይህን ያሉት አበው ግን በዓይነ ኅሊናቸው የነበረው ብራና ነው። ብራና ከእሳትና ከምስጥ ከተረፈ፣ ማንበብ የሚችል ዓይን እስካለ ድረስ ይነበባል፤ ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም። በኮምፒውተር የተጻፈ ጽሑፍ እንዲህ አይደለም። ከዓይን በፊት ብዙ ነገር ይጠይቃል፤ የተቀመጠበት ማሽን በሩን እንዲከፍት፣ የተጻፈበት ፎንት እንዲገኝ፣ የሚከፍተው ፕሮግራም ከጻፈው ፕሮግራም ጋር እንዲግባባ ይፈልጋል። እነዚህ ካልተሟሉ ጽሑፉ ሳይጠፋም የለም።

ይህን የምጽፈው በአንድ ደብተር ምክንያት ነው። በዳንግላ ያስተማሩኝ አንድ መምህር አሉ፤ ስማቸው እንዲነሣ አይወዱምና ጋሼ እያልሁ እቀጥላለሁ። ጋሼ ከማስተማራቸው ጎን ለጎን ለሃያ ዓመት ያህል ከአንከሻ እስከ ዚገም፣ ከባንጃ እስከ ጓንጓ እየተዘዋወሩ የአገው ሽማግሌዎችን ተረትና ምሳሌ፣ የለቅሶ ቃል፣ የፈረስ ውዳሴ ሲሰበስቡ ኖረዋል። የሚሰበስቡት በአውጚ ነበር፤ ሌላው ሰው አዊኛ ወይም አገውኛ የሚለውን ቋንቋ ባለቤቶቹ አውጚ ይሉታል። በ1994 ዓ.ም. ደብተሮቹን ዳንግላ ውስጥ በገጽ ሒሳብ ለሚተይብ አንድ ቤት ሰጡ። የተተየበው በፍሎፒ ዲስክ ሆኖ ይታተም ዘንድ እንጅባራ ወደሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ተላከ። አልታተመም። ደብተሮቹንም ምስጥ በላቸው።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ጋሼ ኮምፒውተር ወደምጠግንበት ክፍል መጡና «ልጄ፣ ጽሑፌ እንጅባራ ነው፤ አምጣልኝ» አሉኝ። ሳጣራ እውነትም አለ። ፍሎፒው ከተጣለ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ፋይሉ ግን ከማሽን ወደ ማሽን ሲገለበጥ ቆይቶ በመጨረሻ ሊኑክስ በተጫነበት አንድ ሰርቨር ላይ አርፏል። ሊኑክስ በእኛ አገር ወረዳ ድረስ እንዴት ገባ ቢሉ፣ ብዙ ጊዜ ያስገባው የፍላሽ ቫይረስ ነው። ሰነዶችን ደብቆ በስማቸው ባዶ አቋራጭ የሚያስቀምጠው ያ መዓት ያላስለቀሰው ጸሐፊ የለም። ያ ቫይረስ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለነበር፣ የሰለቸው አንድ ባለሙያ ሲገኝ ሰነዱን ሁሉ ወደ ሊኑክስ ያዛውር ነበር።

ዳንግላና እንጅባራ በአርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ይህን መንገድ ሳይሄዱ ማሽኑን ከሩቅ የሚከፍቱበት ዘዴ ኤስኤስኤች ይባላል። ታቱ ኡሎነን የተባለ ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ነው፤ በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ ሌባ ተቀምጦ የይለፍ ቃል ሲለቅም ስለተደረሰበት፣ የሚተላለፈውን ሁሉ በምስጢር የሚሸፍን መግቢያ ሠራ። ከአራት ዓመት በፊት ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን የጀመረውም በዚያችው በፊንላንድ ነው። ብርድ የበዛበት አገር ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሩቁን ደጅ መክፈት ቢያምረው አይፈረድበትም። እንጅባራም ብርዳም ናት፤ ክረምቷን የሚያውቅ ያውቀዋል።

መሥሪያ ቤቱ ስምና የይለፍ ቃል ሰጠኝ። ሞከርሁ፤ «አልተፈቀደም» አለኝ። ደግሜ ሞከርሁ፤ ያው ነው። የዚህ በር ጠባይ እንዲህ ነው፦ ስምህን ባያውቀውም፣ የይለፍ ቃልህ ቢሳሳትም፣ ስምህ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ባይገኝም መልሱ አንድ ነው። ይህ ስንፍና አይደለም። ምክንያቱን ቢናገር ሌባው ከምክንያቱ ይማራልና አፉን ዘግቶ ይመልሳል። ምክንያቱን የሚጽፈው በራሱ መዝገብ ላይ፣ ከውስጥ ነው። ስለዚህ ለምን እንዳልገባህ ለማወቅ አስቀድመህ መግባት አለብህ! ይህን ለጋሼ ባስረዳቸው «የእኛን መሥሪያ ቤቶች ማን አስተማራቸው ስል፣ ለካ ይህ ነው» ብለው ሳቁ።

በአዲስ ቅዳም በኩል ሄድሁ። በፋግታ ለኮማ መንገድ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ፣ ዲከረንሱ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎ ነበር። እንጅባራ ደርሼ ሰርቨሩ ፊት ስቀመጥ መዝገቡ ሁሉን ነገረኝ። ማሽኑን ያዋቀረው ሰው እንዲገቡ የፈቀደው ለጥቂት ስሞች ብቻ ነው፤ እነዚያንም ከአንድ የመረብ አድራሻ ሲመጡ ብቻ። አድራሻው የድሮው መረብ ነበር፤ መረቡ ከተቀየረ ቆይቷል። እንግዲህ በሩ ለባለቤቶቹም ጭምር ተዘግቶ ነበር ማለት ነው፤ ከሩቅ የሚሞክር ስላልነበረ ግን ማንም አላወቀም። ሰውየውም ሥራ ለቆ ሄዷል።

በሩ መዘጋቱን አልነቅፍም። የሽማግሌ ቃል፣ የሠራተኛ ማኅደር፣ የወረዳ ደብዳቤ የያዘ ማሽን ለመንገደኛ ሁሉ ሊከፈት አይገባም። የሚነቀፈው ቁልፉ የት እንዳለ በወረቀት አለመስፈሩ ነው። ርክክብ ሲደረግ ወንበርና ጠረጴዛ ይቈጠራል፤ ማን ከየት መግባት እንደሚችል የሚጻፍበት ቅጽ ግን አላየሁም።

«ደብዳቤ ይዘህ ና» ተባልሁ፤ ጋሼ ጻፉ፤ ማኅተም ተመታ። ከዚያ በኋላ የተፈቀደልኝ መግቢያ ጠባብ ነበር፦ ከአንዲት አቃፊ ፋይል ማውጣት ብቻ፣ ሌላ ትእዛዝ የለም። ዳንግላ ተመልሼ ስሞክረው በሩ ተከፈተና ወዲያው ተዘጋ። ይህኛው ሕመም ከመጀመሪያው ይለያል፤ የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ በኋላ የሚያባርር ከሆነ ጥፋቱ ከስሙ ሳይሆን ከአቃፊው ነው። ሰውን በአንዲት አቃፊ ውስጥ ለመከለል ሲፈለግ፣ የአቃፊዋ ባለቤት ዋናው አስተዳዳሪ መሆን አለበት፤ ሌላ ማንም ሊጽፍባት አይገባም። ያለዚያ ኤስኤስኤች አጥሩን አያምነውም፤ እስረኛው አጥሩን ሊነቅል ይችላልና። እንጅባራ ያለው ወጣት በስልክ እየነገርሁት ባለቤትነቱን አስተካከለ። ፋይሉ መጣ።

መጣ ስል፣ ዓይነቱ መጣ። በሊብሬኦፊስ ስከፍተው የተቀበለኝ ግዕዝ አይደለም። ነጠብጣብ የወጣላቸው የላቲን አናባቢዎች፣ የገንዘብ ምልክቶች፣ አንድ አራተኛ፣ ግማሽ… ዳርቻ እስከ ዳርቻ ተዘርግተዋል። ጋሼ በመነጽራቸው ላይ አጎንብሰው አዩና ዝም አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰበሰቡት እንዲህ ሆኖ ሲታይ ምን ይባላል?

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ቀድሞ ኮምፒውተር በአንድ ፎንት የሚያውቀው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም ላይ 32ቱ ለትእዛዝ የተያዙ ናቸው። የእኛ ፊደል 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላው፣ ቍጥሩ፣ ነጥቡ ሲጨመር ቦታው አይበቃም። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስፈር የታገሉት ትግል ነው በኮምፒውተር የተደገመው። ብራና፣ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም በየፊናቸው መፍትሔ አበጁ፤ እነርሱ ባይኖሩ ያ ትውልድ በአማርኛ አይጽፍም ነበርና ምስጋና ይገባቸዋል። መፍትሔው ግን የላቲኑን ቤት ተከራይቶ በግድግዳው ላይ የግዕዝ ሥዕል መስቀል ነበር። ፎንቱ ሲነሣ ሥዕሉ ይነሣል፤ ባዶው የላቲን ግድግዳ ይቀራል። ደግሞ አንዱ የሰቀለበትን ቦታ ሌላው አልሰቀለበትም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ለግዕዝ የራሱን ርስት ሰጠው፤ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ለገበያ የቀረበው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በእኛ ትየባ ቤት በ1994 ዓ.ም. ይህ ሁሉ ወሬው አልደረሰም።

ሊብሬኦፊስ አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ የጎደለውን ፎንት ስም አይደብቅም፤ በዘመመ ፊደል ጽፎ ያሳያል። ስሙን ይዤ አሮጌ ማሽኖችን ስበረብር ከአንድ የተጣለ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱን አገኘሁ። ሁለት ፋይል ነበር፤ ዋናው ፊደል በአንዱ፣ ዲቃላውና ቍጥሩ በሌላው። ስጭነው ገጹ ወዲያው ግዕዝ ሆነ። ጋሼ «ተመስገን» አሉ። እኔ ግን ሥራው እንዳልተጀመረ አውቅ ነበር፤ ሥዕሉ ቢመለስም ግድግዳው ያው ላቲን ነው። ቃል ቢፈለግበት አይገኝም፤ ለሌላ ሰው ቢላክ ያ ነጠብጣብ ይመለሳል። እንደ ተራ ጽሑፍ መገልበጥም አይሆንም፤ የፎንቱ ስም ሲወልቅ የትኛው ምልክት ከየትኛው ፋይል እንደመጣ አይታወቅምና «፫» የነበረው ሌላ ፊደል ይሆናል። ስለዚህ ሰነዱን በክፍቱ የሰነድ ዓይነት አስቀመጥሁት፤ ያ ሲፈታ ውስጡ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ እያንዳንዱ ቍራጭ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ይነበባል። የሁለቱን ፋይሎች ሥዕሎች አንድ በአንድ እያየሁ ከዩኒኮድ ጋር የሚያጋጥም ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ በፓይተን አጭር ፕሮግራም ጽፌ አሻገርሁት። ሦስት ሌሊት ወሰደ።

በአራተኛው ቀን ጋሼ ማንበብ ጀመሩ፤ ከመጀመሪያው ገጽ አላለፉም። «ይህ አውጚ አይደለም» አሉ።

አውጚ አማርኛ የሌለው ድምፅ አለው፤ ከንፈር ሳይገጥም፣ ምላስ ከኋላ ላንቃውን ነክቶ በአፍንጫ የሚወጣ። «ን» አይደለም፤ «ኝ»ም አይደለም። በግዕዝ ሲጻፍ «ጘ ጙ ጚ» ተብሎ ነው፤ የቋንቋው ስም ራሱ ይህን ድምፅ ይዟል። ፊደሉ በዩኒኮድ ከ1999 ጀምሮ ቦታ አለው፤ በትየባ ቤቱ ፎንት ውስጥ ግን አልነበረም። ተያቢዋ ምን ታድርግ? በደብተሩ «ጘ» ባየች ቍጥር «ንገ»፣ «ጚ» ባየች ቍጥር «ንጊ» ብላ አለፈች። ብልኅ ሴት ናት፤ ድምፁን ለጆሮዋ ወደሚቀርበው አስጠጋችው። ነገር ግን በአውጚ ውስጥ እውነተኛ «ን» እና «ገ» ተከታትለው የሚመጡበት ቃልም አለ። ያ ቋንቋ የራሱን ስም በትክክል በማይጽፍበት ፎንት ነበር ለትውልድ የተቀመጠው።

ይህን የሚፈታ ሰንጠረዥ የለም። ፕሮግራሙ አጠራጣሪዎቹን ቦታዎች ሁሉ በቀይ አቀለመልኝ፤ ከአራት መቶ በላይ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጋሼ ጆሮ ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና እየተፈላ ያነብባሉ፤ «ጝ» ካሉ እለውጣለሁ፤ «ን ነው፣ ተወው» ካሉ እተዋለሁ። አንዳንዱን ቃል ሲያነቡ የነገራቸውን ሽማግሌ ድምፅ ይደግማሉ፤ ሰውየው የት ተቀምጦ እንደነበረ፣ ምን እንደጠጡ ሁሉ ይተርካሉ። አንዳንዴ ለአንዲት ፊደል አንድ ከሰዓት ያልፋል፤ አልቸኮልሁም።

መጋቢት ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር ጋሼ ከቤት እንዳይወጡ ልጆቻቸው ከለከሏቸው። በስልክ እንቀጥል ብለን ሞከርን። አልሆነም፤ ስልኩ «ን»ን እና «ጝ»ን አንድ አድርጎ ያመጣቸዋል። ስለዚህ ገጾቹን በትልልቅ ፊደል እያተምሁ በአጥሩ ላይ አቀብላቸው ጀመር፤ እርሳቸው በእርሳስ እየከበቡ ይመልሱልኛል። የጽሕፈት ጠባያቸው ያው የጥቁር ሰሌዳው ነው፤ ያጠፋሁት መስሎኝ ቀና አልሁ።

ክረምቱ ሳይገባ ሰባት ቃላት ሲቀሩ አቆሙ። ሰባቱም ከዚገም በኩል ከመጡ አንድ ሽማግሌ የተሰሙ ናቸው፤ ሽማግሌው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቃሎቹንም ጋሼ ከዚያ በኋላ ከሌላ ሰው አፍ አልሰሟቸውም። «በግምት አትጻፍ፤ ቀዩን ተውልኝ» አሉ። ከጊዜ በኋላ ከዚያው አገር መጥተው ዳንግላ ልጃቸው ዘንድ የተቀመጡ አንዲት እናት ሁለቱን ቃላት ሳይጠየቁ ለልጅ ልጃቸው ተረት ሲነግሩ ተናገሯቸው። አምስቱ አሁንም ቀይ ናቸው።