ቁልፎቹ ተራ ሲለዋወጡ

በጄሰን ደንብ የአንድ ኦብጀክት ቁልፎች ተራ የላቸውም። ስም ቀድሞ ዋጋ ቢከተል፣ ዋጋ ቀድሞ ስም ቢከተል ለሚያነበው ፕሮግራም ያው ነው። ፊርማ የሚሰላበት ሃሽ ግን የሚያየው ባይት ብቻ ነው፤ ሁለት ቁልፎች ቦታ ከተለዋወጡ ኤስኤችኤ-256 ፈጽሞ ሌላ ውጤት ያወጣል። ዛሬ «ፊርማው አልገጠመም» እያለ ትእዛዝ ሲመልስ የዋለው ሰርቨር ችግሩ ይኸው ነበር፦ ላኪው በአንድ ተራ ጽፎ ፈረመ፣ ተቀባዩ ፈትቶ መልሶ ሲጽፈው በሌላ ተራ ወጣ።

ቋንቋዎቹ ልማዳቸው ይለያያል። ፓይተን ከ3.7 ወዲህ ቁልፎችን በገቡበት ተራ ይይዛል፤ የጎ ኢንኮደር ማፕ ሲጽፍ ራሱ ይደረድራል። ጃቫስክሪፕትም የገቡበትን ተራ ይጠብቃል፤ ቁጥር የሆኑትን ግን ከሁሉ አስቀድሞ ከትንሽ ወደ ትልቅ ያወጣል። ስለዚህ በፊደል ተራ «10» ከ«9» ቢቀድምም፣ ኦብጀክቱን ደርድሮ እንደገና መሥራት አይረዳም፤ «9» ተመልሶ ፊት ይቆማል።

ከዚህ የከፋው አቋራጭ ለጃቫስክሪፕቱ የጄሰን መጻፊያ ለስትሪንጊፋይ የተደረደረ የቁልፎች ዝርዝር መስጠት ነው። ዝርዝሩ ተራ ማስያዣ ብቻ ሳይሆን ማጣሪያም ነው፣ ያውም እስከ ውስጥ ድረስ። «ደንበኛ» ዝርዝሩ ላይ ኖሮ በውስጡ ያለው «ስልክ» ከሌለ፣ ስልኩ ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ይጠፋና ባዶ ቅንፍ ይቀራል። ሁለት የተለያዩ ደንበኞች አንድ ፊርማ ይዘው ያልፋሉ።

የፊደል ጉዳይ ደግሞ አለ፣ እሱም ያስቆጫል። ፓይተን አስኪ ብቻ የሚለው ቅንብር ካልጠፋ በቀር «ሰላም»ን ወደ 18 የኮድ ምልክቶች ይለውጠዋል፤ ጃቫስክሪፕት እንዳለ ይጽፈዋል። ቁልፎቹ አንድ በአንድ ተደርድረውም ፊርማው አይገጥምም። በላቲን ስም ብቻ የተፈተነ ሥርዓት ሁሉን ፈተና አልፎ፣ የመጀመሪያዋ «አልማዝ» ስትመዘገብ ይወድቃል። የአማርኛ ስም ከመጀመሪያው ቀን የሙከራ መረጃ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሰዎቹ ተጠቃሚዎች ናቸው።

በ2020 የወጣው አርኤፍሲ 8785 ይህን ሁሉ ደንብ አበጅቶለታል። ቁልፎች በየደረጃው በዩቲኤፍ-16 ኮዳቸው ይደረደራሉ፣ ክፍት ቦታ አይገባም፣ ፊደል ፊደል ሆኖ ይጻፋል፣ 1.0 እንደ ጃቫስክሪፕት 1 ይሆናል። አሬይ አይነካም፤ የእሱ ተራ ራሱ መረጃ ነውና። ከሌላ ሰርቨር የመጣ የተፈረመ መልእክት ግን ድርደራም አያስፈልገውም፤ የደረሰው ባይት ሳይፈታ፣ እንዳለ ፊርማው ይመርመር።