ከሂርና እስከ ኩኒ ተራራ

በኅዳር ወር በአንዲት ቅዳሜ፣ ወዳጆቻችን ከነልጆቻቸው ከአዲስ አበባ መጥተው ሂርና ቤታችን አድረው ነበርና፣ ጧት ሆጃውን እየጠጣን ሳለን አንደኛው «በዚህ አገር የምንጐበኘው ሐውልት የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኛም «ሐውልቱን ተወውና አስቀድመን ሐውልት የሚገባውን ሰው እንንገርህ» አልነው፤ ይኸውም ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

እኒህ ሰው ከአድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው መስኮብ አገር ተሻግረው የመድፍ ትምህርት የተማሩ፣ በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የተከራከሩ ናቸው። ከስደት ከተመለሱ በኋላ ግን የእርጅና ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚችው በሂርና፣ በእርሻቸው ላይ ነው። ያን ሁሉ አገር ያየ ዓይን በመጨረሻ ይህን የማሽላና የቡና ሸለቆ መምረጡን ያሰበ ሰው፣ ሂርናን በመኪና መስኮት ብቻ አይቶ ለማለፍ አይቸኩልም።

ከዚያ በኋላ የጨርጨርን ጋራ እየዞርን አሰበ ተፈሪ ደረስን። የከተማዪቱ ስም «ተፈሪ አሰበ» ማለት ሲሆን፣ የተሰየመችው በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ስም ነው። ተክለ ሐዋርያት የጨርጨር ገዥ ሳሉ፣ አውራጃው ለሌላው አገር ምሳሌ እንዲሆን ታስቦ ነበርና፣ የፈለግነው ሐውልት ምናልባት ይህ ከተማ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ መጠሪያዋ ጭሮ ነው፤ የምዕራብ ሐረርጌ ዞንም ዋና ከተማ ናት።

ልጆቹ ግን ስለ ሕገ መንግሥት መስማት ሰልችቷቸው ነበር። ታናሹ በኪሱ የያዘውን አሥር ሳንቲም እያገላበጠ «ይህ አውሬ በሕይወት አለ?» አለን። በሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው የደጋ አጋዘን ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ዓለም አይገኝም፤ የአውሮጳ ሊቃውንት እንኳ ስም ያወጡለት ገና በ1910 እንደ እነርሱ አቆጣጠር ነው። ለእርሱ መጠለያ እንዲሆን የተከለለው የኩኒ ሙክታር ተራራ ከዚያው አጠገብ ስለ ሆነ፣ ወደዚያ አመራን።

የደረስነው በቀትር ነበር፤ በሆጃው ላይ ስለ ዘገየን ጥፋቱ የኛው ነው። በመንገድ ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ ሥቀው «ልጆቼ፣ እርሱ የሚሰማራው በማለዳና በማታ ነው፤ አሁን ጥሻ ውስጥ ተኝቷል» አሉን። ልጁም «አባባ፣ ብዙ ናቸው?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ መልስ ሳይሰጡ በበትራቸው ወደ ቁልቁለቱ አመለከቱት። እርሻው ወደ ላይ እየወጣ፣ ጥዱ ወደ ጫፍ እየሸሸ ነበር፤ በአጠገባችንም ጭማቂው ያልደረቀ ጉቶ ቆሞ አየን። ከሽማግሌው ጋራ ጥቂት ጊዜ ዝም አልን።

እስኪመሽ ጠበቅን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዲት እናት ከግልገሏ ጋራ ከጥሻው ብቅ ብላ፣ ጆሮዋን አቁማ ተመለከተችን። ልጁ ሳንቲሙን ከእርስዋ ጋራ አስተያየና «ይህችኛዋ ቀንድ የላትም!» ብሎ ተከራከረን። ቀንዱ የወንዱ ብቻ መሆኑን ብንነግረውም አላመነንም፤ ወንዱን በዓይኑ እንዲያይ፣ ሌላ ጊዜ ሆጃውን ትተን በሌሊት እንድንነሣ ቃል አስገባን።