ርቀቱ አንድ፣ ጊዜው ሁለት

በመምህርነት ባሳለፍኋቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምሰጠው አንድ ጥያቄ ነበር። «በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ይህን ያህል ርቀት በስንት ሰዓት ይጨርሳል?» የሚል ነው። ርቀቱን ለፍጥነቱ ማካፈል ብቻ ይበቃ ነበር። ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ የተረዳሁት ግን በራሴ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን አጠገብ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የልብ ቀዶ ሕክምና ቀን ተቆረጠለት። በስልክ ደውሎ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 12 ሰዓት ወደ ሕክምናው ክፍል እንደሚገባ ነገረኝና፣ «ከዚያ በፊት ዓይንህን ባይ ደስ ይለኛል» አለኝ።

እኔም ወዲያው ማስላት ጀመርሁ። በቀደመው ዓመት እሱ ራሱ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የመጣው በ13 ሰዓት ያህል ነበር። በዋዜማው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከቦሌ ብነሣና 13 ሰዓት ብጨምር፣ በአዲስ አበባ ከረፋዱ 5 ሰዓት ይሆናል። በጥር ወር የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ እዚያ ገና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። «ጋሼ፣ 3 ሰዓት ቀድሜ እደርሳለሁ» አልሁት። የመድረሻው ሰዓት በቲኬቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ስሌቴን ተማምኜ ግን አላነበብሁትም።

አውሮፕላኑ ሌሊቱን ሲበር አድሮ ደብሊን ላይ አረፈ። ለምን እንደ ቆምን ግራ ገብቶኝ ስቁነጠነጥ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «ነዳጅ ሊቀዳ ነው ልጄ፤ ሲሄድ እንጂ ሲመለስ አይቆምም» አሉኝ።

ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ግፊትም ሆነ ክንፉን የሚያነሣው ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከነሰዉና ከነጭነቱ፣ ለመላው ጉዞ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይቸግረዋል፤ የጎደለውን በመንገድ ይሞላል። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን በዝቅተኛ ስፍራ ላይ በመሆኑ፣ ከዚያ የሚነሣው ነዳጁን ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል። በዚያም ላይ በመንገዱ ሰሜናዊ ክፍል በከፍታ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣውን ከኋላ ይገፋዋል፣ ወደዚያ የሚሄደውን ከፊት ይቋቋመዋል። ርቀቱ በቀጥታ ቢለካ በሁለቱም አቅጣጫ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጊዜው ግን አንድ አይደለም።

ከቦሌ ከተነሣሁ ከ18 ሰዓት በኋላ ዋሽንግተን ስደርስ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ሆኖ ነበር። በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል የወንድሜን ልጅ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። «አባዬ እስኪገባ ድረስ በሩን ሲያይ ነበር» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የጠበቅሁባቸው ሰዓቶች ከበረራው ሁሉ ረዘሙብኝ።

ደግነቱ ሕክምናው ተሳካ። ወንድሜ ነቅቶ ሲያየኝ ፈገግ አለና፣ «መምህር፣ እኔን ያመጣኝ ሰዓት አንተንም የሚያመጣህ መሰለህ?» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

ዛሬም ያንኑ ጥያቄ ለመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጃለሁ። ነገር ግን «ከየት ተነሥቶ? ወዴት? በየት በኩል?» የሚሉትን ሳልጨምርበት አላልፍም። በሩን እያየ የሚጠብቀን ሰው ሲኖር፣ ከማስላት አስቀድሞ መንገዱን መጠየቅ ይገባል።